በአነስተኛ አውሮፕላን የሚደረጉ የመዝናኛ በረራ እንቅስቃሴዎች፦ በጨዋታና በአደጋ መካከል ያለው የኅዳግ ስሌት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

አነስተኛ አውሮፕላን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያበሩ ሰዎች የሚበሩት ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ብቻ አይደለም፤ በረራው ራሱ ስለሚያስደስታቸውም ነው። ይህ ጽሑፍ በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለመዝናኛም ለልምምድም የሚደረጉ አምስት እንቅስቃሴዎችን፣ ማለትም አጋድሎ መዞርን፣ ሻንዴልን፣ «ሰነፍ ስምንት»ን፣ በሁለት ምልክቶች ላይ የሚሠራ ስምንትንና ስሊፕን ከፊዚክስ መሠረታቸው ጋር ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ጨዋታን ከአደጋ የሚለየው የእንቅስቃሴው ዓይነት ወይም የአብራሪው ድፍረት ሳይሆን እንቅስቃሴው ሲጀመር በእጅ ያለው የከፍታ፣ የፍጥነትና የመዋቅር ጥንካሬ ኅዳግ ነው የሚል ነው። ይህም በቀላል ስሌት ይታያል፤ በመጨረሻም ስሌቱ በደጋ ምድር እንዴት እንደሚለወጥ ይገለጻል።

1. መግቢያ

በአብዛኛው ሰው አእምሮ አውሮፕላን ማጓጓዣ ነው። ተሳፋሪ የሚመኘው ምንም የማይሰማበትን ጉዞ ሲሆን፣ የአየር መንገድ አብራሪም የሚመሰገነው መንገደኛው መዞሩንና መውረዱን ሳያውቅ ሲያደርሰው ነው። በግል ፈቃድ ሁለት ወይም አራት መቀመጫ ባለው አውሮፕላን የሚበር ሰው ግን ፍላጎቱ የተገላቢጦሽ ነው። አውሮፕላኑ ሲያጋድል፣ አፍንጫው ከአድማስ በላይ ሲወጣና መልሶ ሲወርድ፣ ሰውነት በመቀመጫው ላይ ሲከብድና ሲቀል እንዲሰማው ይሻል።

ይህ ፍላጎት ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። በአንድ በኩል ለደስታ ተብለው የሚደረጉት እንቅስቃሴዎች አብራሪው የአውሮፕላኑን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅባቸው ልምምዶች ናቸው። በሌላ በኩል ያው ደስታ ያለ ስሌት ሲፈለግ አብራሪውንና አብረውት ያሉትን ለሞት ይዳርጋል። ሁለቱን ለመለየት «ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ጥንቃቄው በምን እንደሚለካ መታወቅ አለበት።

ጽሑፉ በምሳሌነት የሚወስደው የአሜሪካን የሥልጠናና የሕግ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት አብዛኞቹ እንቅስቃሴዎች በፈተና መመዘኛ ውስጥ በቁጥር ተወስነው ተቀምጠዋልና። ለአውሮፕላን ምሳሌም ሴስና 172 ተመርጧል። ይህ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ44,000 በላይ በመሆኑ በዓለም በብዛት ከተሠሩ አውሮፕላኖች ቀዳሚው ነው። ፍጥነት በኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪ.ሜ. ነው)፣ ከፍታም በጫማ (1 ጫማ 30.5 ሴ.ሜ. ነው) ይገለጻል፤ በበረራ ሙያ የተለመደው መለኪያ ይህ ነውና።

2. ከሙከራ የተገኘ ዕውቀት

ዛሬ በማሠልጠኛ መጻሕፍት ውስጥ የሰፈረው አብዛኛው ዕውቀት የተገኘው አውሮፕላንን ከተለመደው አኳኋን ውጭ ባበሩ ሰዎች ነው፤ አንዳንዶቹ ሆን ብለው፣ ሌሎቹም ሳያስቡት። ኦገስት 25 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በሶልስበሪ ሜዳ ላይ ሲበር አውሮፕላኑ ስፒን ውስጥ ገባበት፤ ማለትም ክንፎቹ አየሩን መያዝ አቅቷቸው እየተሽከረከረ ቁልቁል ወረደ። በዚያ ዘመን ከዚህ ዓይነት ውድቀት መውጫው መንገድ አይታወቅም ነበር። ፓርክ ሌላው ሙከራ ሁሉ ሳይሳካለት ሲቀር የጅራቱን መሪ፣ ማለትም ረደሩን፣ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ አቅጣጫ አዞረ፤ አውሮፕላኑም መሬት ሊደርስ 50 ጫማ ያህል ሲቀረው ቀና። በተቃራኒ ረደር ሽክርክሪትን ማቆም እስከ ዛሬ የስፒን መውጫ ሥርዓት አካል ነው።

በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1913 እ.ኤ.አ.፣ ፒዮትር ኔስቴሮቭ የተባለ የሩሲያ ጦር መኮንን በኪየቭ ሰማይ ላይ በኒዩፖር አውሮፕላን ቁመታዊ ክብ፣ ማለትም ሉፕ፣ ሠራ። ይህም በታሪክ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ የመንግሥትን ንብረት ለአደጋ አጋልጧል ተብሎ ቢቀጣም፣ በኋላ ቅጣቱ ተነሥቶለት በማዕረግ አድጓል። አለቆቹ የተቸገሩበት ጥያቄ ዛሬም አልጠፋም፤ የተደረገው ነገር እብደት ነው ወይስ ዕውቀት?

ጥያቄው በሥልጠና ፖሊሲም ታይቷል። በ1949 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን አስተዳደር ለግል አብራሪነት ፈቃድ ስፒንን የመሥራት ግዴታ አንሥቶ፣ ትኩረቱ ስፒን ከመግባት በፊት ያለውን ምልክት በማወቅ ላይ እንዲሆን አደረገ። የበረራ አስተማሪ ለመሆን የሚሻ ሰው ግን ዛሬም የስፒን ሥልጠና ይወስዳል። ስለዚህ አብዛኛው የመዝናኛ አብራሪ በጣም የሚፈራውን ነገር በእጁ ሳይሞክር ፈቃድ ያገኛል ማለት ነው። ከስፒን በመለስ ያሉት እንቅስቃሴዎች ጥቅም የሚጎላውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሦስቱ ኅዳጎች

3.1 የፍጥነት ኅዳግ

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው ከፊቱ ከሚመጣው አየር ጋር በሚሠራው ማዕዘን ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ በሳበ ቁጥር ማዕዘኑ ያድጋል፤ የማንሻው ኃይልም ይጨምራል። ማዕዘኑ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን አየሩ ከክንፉ የላይኛ ገጽ ይላቀቃል፤ የማንሻው ኃይልም በድንገት ይቀንሳል። ይህ ሁኔታ ስቶል ይባላል። ስቶል ከሞተር መጥፋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራም ይከሰታል።

አውሮፕላን አጋድሎ ሲዞር የክንፉ ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ ከፍታን ሳይለቁ ለመዞር ክንፉ ከአውሮፕላኑ ክብደት የበለጠ ኃይል መስጠት አለበት። ይህ ኃይል የክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር የጭነት ምጣኔ ይባላል፤ አንድን ለማጋደያው ማዕዘን ኮሳይን በማካፈል ይገኛል። ስቶል የሚመጣበት ፍጥነትም በጭነት ምጣኔው ስኩዌር ሩት ልክ ያድጋል። በቀጥታ በረራ በ50 ኖት ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን ቢወሰድ፣ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር የሚከተለው ይሆናል፦

በ30 ዲግሪ ማጋደል፦ የጭነት ምጣኔ 1.15፤ የስቶል ፍጥነት 54 ኖት።
በ45 ዲግሪ ማጋደል፦ የጭነት ምጣኔ 1.41፤ የስቶል ፍጥነት 59 ኖት ተኩል።
በ60 ዲግሪ ማጋደል፦ የጭነት ምጣኔ 2፤ የስቶል ፍጥነት 71 ኖት።
በ75 ዲግሪ ማጋደል፦ የጭነት ምጣኔ 3.86፤ የስቶል ፍጥነት 98 ኖት።

ከቁጥሮቹ የሚታየው ዋና ነገር ጭማሪው እኩል አለመሆኑ ነው። ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ለውጥ ከቁም ነገር የማይቆጠር ሲሆን፣ ከ60 እስከ 75 ያለው ግን የጭነት ምጣኔውን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። «ትንሽ ላጋድል» የሚለው ሐሳብ በ20 ዲግሪና በ60 ዲግሪ ላይ ፍጹም የተለያየ ዋጋ አለው።

3.2 የመዋቅር ኅዳግ

በአሜሪካ የአውሮፕላን ብቁነት ደንብ ለዘመናት በተሠራበት ምድብ መሠረት፣ «መደበኛ» የሚባለው አነስተኛ አውሮፕላን የክብደቱን 3.8 እጥፍ ወደ ላይ እንዲሸከም ተደርጎ ይሠራል፤ «ዩቲሊቲ» የሚባለው 4.4 እጥፍ፣ ለአክሮባት የተሠራው ደግሞ 6 እጥፍ ይሸከማል። ከላይ በ75 ዲግሪ የተገኘው 3.86 ከመደበኛው ምድብ ወሰን በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ሴስና 172 ጭነቱ ሲቀልና የክብደት ሚዛኑ በተወሰነ ክልል ሲሆን በዩቲሊቲ ምድብ ሊበር ይችላል። አንድ አውሮፕላን የኋላ መቀመጫው ባዶ ሲሆን የተፈቀደለትን እንቅስቃሴ፣ ሰው ሲጫንበት ሊከለከል ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «የማኑቨር ፍጥነት» የሚባለው ወሰን ነው። ከዚህ ፍጥነት በታች መሪው በኃይል ቢሳብ ክንፉ ከመሰበሩ በፊት ስቶል ያደርጋል፤ ስለዚህ ስቶሉ ራሱ እንደ ፊውዝ ያገለግላል። ለሴስና 172ኤስ ይህ ፍጥነት በሙሉ ክብደት (2,550 ፓውንድ) 105 ኖት፣ በ1,900 ፓውንድ ደግሞ 90 ኖት ነው። አውሮፕላኑ ሲቀል ወሰኑ መቀነሱ ለጀማሪ እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ቀላል አውሮፕላን በቀጥታ በረራ የሚያስፈልገው የክንፍ ማዕዘን ትንሽ ስለሆነ፣ ስቶል እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጭነት ለመሰብሰብ ቦታ አለው።

ይህ ጥበቃ ግን ለአንድ መሪ፣ ለአንድ ጊዜና ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 587 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሲወድቅ 265 ሰዎች ሞተዋል፤ ረደሩ በተደጋጋሚ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በመገፋቱ የጅራቱ ቋሚ ክንፍ ተገንጥሎ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በዚያ ምርመራ፣ ከማኑቨር ፍጥነት በታች ስላለው የመዋቅር ጥበቃ በአብራሪዎች ዘንድ የተስፋፋ የተሳሳተ ግንዛቤ እንዳለ ገልጿል። አውሮፕላኑ ግዙፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ቢሆንም ትምህርቱ ለትንሹም ያገለግላል።

3.3 የከፍታ ኅዳግ

ፍጥነትና ከፍታ የአንድ ሀብት ሁለት ገጾች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመነዘራል። የአየር ግጭትና የሞተሩ ትርፍ ኃይል ለጊዜው ቢተው፣ ፍጥነቱን ከ110 ወደ 70 ኖት የሚቀንስ አውሮፕላን በምላሹ የሚያገኘው ከፍታ 97 ሜትር ወይም 320 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ይህ ቁጥር በክፍል 5 እንደገና ያስፈልጋል።

4. አምስቱ እንቅስቃሴዎች

4.1 አጋድሎ መዞር

ከሁሉም ቀላሉና ወደ ሌሎቹ በር የሚከፍተው ይህ ነው። የግል ፈቃድ ተፈታኝ በ45 ዲግሪ፣ የንግድ ፈቃድ ተፈታኝ ደግሞ በ50 ዲግሪ አጋድሎ ሙሉ ክብ ይሠራል፤ ከፍታው ከ100 ጫማ፣ ፍጥነቱም ከ10 ኖት በላይ ዝንፍ እንዳይል ይጠበቅበታል። ደስታው ከጥበቱ ይመነጫል። በ100 ኖት የሚበር አውሮፕላን በ30 ዲግሪ ሲዞር የክቡ ሬዲየስ 467 ሜትር ሲሆን፣ በ60 ዲግሪ 156 ሜትር ብቻ ነው። ትምህርቱ ደግሞ በሰውነት ላይ የሚሰማው ክብደት ነው። አብራሪው ወደ መቀመጫው ሲጫን የስቶል ፍጥነቱም አብሮ እየጨመረ መሆኑን ያለ መሣሪያ ያውቃል።

4.2 ሻንዴል

ስሙ በፈረንሳይኛ «ሻማ» ማለት ነው። አውሮፕላኑ እየወጣ በ180 ዲግሪ ዞሮ፣ ከስቶል ጥቂት ከፍ ባለ ፍጥነት፣ ክንፎቹን አስተካክሎ፣ በመጣበት አቅጣጫ ትይዩ ይጨርሳል። በመጀመሪያው 90 ዲግሪ ማጋደሉ በ30 ዲግሪ አካባቢ ሳይለወጥ አፍንጫው ቀስ በቀስ ይነሣል፤ በሁለተኛው 90 ዲግሪ አፍንጫው ባለበት ሆኖ ማጋደሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የእንቅስቃሴው ፍሬ ነገር የተጠራቀመን ፍጥነት ሳያባክኑ ወደ ከፍታ መመንዘር ነው።

ሻንዴል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሠራ አንድ አይደለም። ፕሮፔለሩ ከአብራሪው አንጻር ወደ ቀኝ በሚሽከረከርበት አውሮፕላን፣ ፍጥነቱ ሲቀንስና የሞተር ኃይሉ ከፍ ሲል አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል። ከግራ ማጋደል ሲመለሱ የግራው ኤሌሮን ወደ ታች ስለሚወርድ በዚያ በኩል የአየር ግጭቱ ይጨምራል፤ ሁለቱ ጉተታዎች ተደምረው ጠንካራ የቀኝ ረደር ይጠይቃሉ። ከቀኝ ሲመለሱ ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ረደርን የረሳ አብራሪ በዝግታ ፍጥነት አፍንጫው ሲንሸራተት ያያል፤ ይህም ስፒን ከሚጀምርባቸው ሁኔታዎች አንዱ ነው። በቂ ከፍታ ላይ ሆኖ ይህን ማየት ትምህርት ነው።

4.3 ሰነፍ ስምንት

ስሙን ያገኘው ከዝግታው ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ በአድማስ ላይ ወደ ጎን የተጋደመ የስምንት ቁጥር ይሥላል። አውሮፕላኑ እየወጣ መዞር ይጀምራል፤ በ45 ዲግሪ ላይ አፍንጫው ከፍተኛው ቦታ ይደርሳል፤ በ90 ዲግሪ ላይ ማጋደሉ 30 ዲግሪ ሆኖ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ይሆናል፤ በ135 ዲግሪ ላይ አፍንጫው ዝቅተኛው ቦታ ይደርሳል፤ በ180 ዲግሪ ላይ ከተነሣበት ከፍታና ፍጥነት ጋር ይገናኛል። ከዚያ በሌላው አቅጣጫ ይደገማል።

በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ መሪዎቹ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ባሉበት አይጸኑም። የሚያስፈልገው ኃይል በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ አብራሪው መሣሪያ እያነበበ ሊሠራው አይችልም፤ በነፋሱ ድምፅ፣ በመሪው ክብደትና በአድማሱ አቀማመጥ ይመራል። ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ተሳፋሪም ብዙ አይጎዳም። ከአምስቱ በጣም የዋሁ፣ በትክክል ለመሥራት ግን በጣም አስቸጋሪው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

4.4 በሁለት ምልክቶች ላይ የሚሠራ ስምንት

አብራሪው በምድር ላይ ሁለት ምልክቶችን፣ ለምሳሌ ሁለት ብቸኛ ዛፎችን፣ ይመርጥና በመካከላቸው እየተመላለሰ ስምንት ይሠራል። የክንፉ ጫፍ በምልክቱ ላይ እንደተሰካ ሆኖ መታየት አለበት። ይህ የሚሆነው በአንድ የተወሰነ ከፍታ ብቻ ሲሆን፣ ምክንያቱ በሁለት መስመር ይታያል። በዙር ሕግ መሠረት የማጋደያው ታንጀንት የፍጥነት ስኩዌር በስበትና በሬዲየስ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በጂኦሜትሪ ደግሞ ያው ታንጀንት ከፍታ ለሬዲየስ ሲካፈል ነው። ሁለቱ ሲተካከሉ ሬዲየሱ ይጠፋል፤ ከፍታውም የፍጥነት ስኩዌር ለስበት ሲካፈል የሚገኘው ይሆናል። ስለዚህ የመዞሪያው ከፍታ በማጋደሉ መጠን አይወሰንም።

በተግባር በኖት የተለካው የምድር ፍጥነት ስኩዌር ለ11.3 ሲካፈል ከፍታው በጫማ ይገኛል፦ በ90 ኖት 717 ጫማ፣ በ100 ኖት 885 ጫማ፣ በ110 ኖት 1,071 ጫማ። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ የምድር ፍጥነት ስለሚጨምር አብራሪው መውጣት፣ ከፊት ሲመጣ መውረድ አለበት። የማይታየው ነፋስ በዚህ ጨዋታ ዓይን ለዓይን ይታያል። ይሁንና እንቅስቃሴው በባሕርዩ ለምድር የቀረበ በመሆኑ ከአምስቱ ትንሹ የከፍታ ኅዳግ ያለው ነው፤ ሰው በሌለበት ሜዳና በመጠነኛ ማጋደል ብቻ ይሠራል።

4.5 ስሊፕ

በስሊፕ አብራሪው ክንፉን ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ረደሩን ወደ ሌላው ይገፋል፤ አውሮፕላኑ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ፍጥነት ሳይጨምር፣ በፍጥነት ከፍታ ይለቃል። ለተመልካች የተበላሸ በረራ ይመስላል። ነገር ግን ጁላይ 23 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ በረራ 143 የሆነው ቦይንግ 767 በነዳጅ ልክ ስሌት ስህተት በ41,000 ጫማ ላይ ነዳጁን ሲጨርስ፣ የግላይደር ልምድ የነበረው ካፒቴን ሮበርት ፒርሰን በጊምሊ የቀድሞ አየር ኃይል ሜዳ ላይ ያሳረፈው በስሊፕ ከፍታ ለቅቆ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 69 ሰዎች አንድም አልሞተም። በትርፍ ጊዜ የተገኘ ክህሎት በሙያ ሥራ ላይ ሕይወት እንዳዳነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

5. ያው እንቅስቃሴ ኅዳጉ ሲነሣ

በመዝናኛ በረራ ደጋግሞ የሚገጥመው የአደጋ መልክ ከላይ ከተገለጹት እንቅስቃሴዎች በቅርጹ እምብዛም አይለይም። አንድ አብራሪ በወዳጆቹ ቤት ላይ ዝቅ ብሎ በ110 ኖት ያልፋል እንበል፤ ከመሬት ያለው ርቀት 50 ጫማ ነው። ከዚያ አፍንጫውን አንሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወዳጆቹን መልሶ ለማየትም በ60 ዲግሪ አጋድሎ ይዞራል። እንቅስቃሴው በመልኩ ሻንዴልን ይመስላል።

የክፍል 3 ቁጥሮች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ፍጥነቱ 70 ኖት ሲደርስ ያገኘው ከፍታ 320 ጫማ ያህል ነው፤ ከመሬት በጠቅላላው 370 ጫማ ላይ ይገኛል። በ60 ዲግሪ አጋድሎ ከፍታውን ለመጠበቅ ሲሞክር የስቶል ፍጥነቱ 71 ኖት ይሆናል። አውሮፕላኑ በ70 ኖት ነው፤ ስለዚህ ስቶል ያደርጋል። ረደሩም በትክክል ካልተያዘ ስፒን ይከተላል። የሴስና 172 መመሪያ መጽሐፍ ለአንድ ዙር ስፒንና ለመውጫው 1,000 ጫማ እንዲታሰብ ይመክራል። ያለው 370 ነው። አብራሪው መውጫውን በቃሉ ቢያውቀውና እጁ ባይሳሳት እንኳ ከፍታው አይበቃውም።

ይህ ስሌት ስለ አብራሪው ችሎታ ምንም አይናገርም፤ ቁም ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ሻንዴሉ በ3,000 ጫማ ላይ ቢሠራና ቢበላሽ አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይስቃል። በ370 ጫማ ላይ ግን ያው ስህተት ማረሚያ የለውም። ከዚህ በተጨማሪ ዝቅተኛ በረራ ፍርድን የሚያዛቡ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው የነፋስ ማታለል ነው፤ ነፋስ ከኋላ ሲገፋ ምድሩ በፍጥነት ስለሚያልፍ አብራሪው በቂ ፍጥነት ያለው ይመስለዋል፤ ክንፉ የሚያውቀው ግን የአየር ፍጥነትን ብቻ ነው። ሁለተኛው ተመልካች ነው፤ ዓይኑ ከአድማሱ ተነሥቶ ወደ ሰዎቹ በሚሄድበት ቅጽበት አብራሪው የአውሮፕላኑን አኳኋን ያጣዋል።

6. ሕጉ የሚለውና የማይለው

የአሜሪካ የበረራ ደንብ አክሮባትን የሚገልጸው ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ ለተለመደ በረራ የማያስፈልግ፣ ድንገተኛ የአኳኋን ለውጥ ወይም ያልተለመደ አኳኋን ወይም ያልተለመደ ፍጥንጥነት ያለበት እንቅስቃሴ በማለት ነው። በዚህ ትርጉም የሚወድቅ እንቅስቃሴ ከመሬት ከ1,500 ጫማ በታች፣ ሕዝብ በሚበዛበት አካባቢ ወይም በአደባባይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ፣ እንዲሁም የአግድም ዕይታ ከ3 ማይል ባነሰበት ጊዜ ክልክል ነው። በትርጉሙ ውስጥ ግን አንድም የዲግሪ ቁጥር የለም።

በአብራሪዎች ዘንድ «ከ60 ዲግሪ በታች ካጋደልክ አክሮባት አይደለም» የሚል አባባል ይሰማል። ይህ ቁጥር የተወሰደው ከሌላ አንቀጽ ነው። ያ አንቀጽ የሚናገረው ከአብራሪው ሌላ ሰው ተሳፍሮ ሳለ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ለማጋደል ወይም አፍንጫን ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በላይ ለማንሣት ወይም ለማውረድ ሁሉም ፓራሹት መልበስ እንዳለባቸው ነው። ስለ ፓራሹት የተጻፈውን ወሰን የአክሮባት ትርጉም አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። በ40 ዲግሪ የተደረገ ድንገተኛ መወርወር በሕጉ ትርጉም ሊወድቅ ይችላል።

ሕግ አውጪው ቁጥር አለማስቀመጡ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ ይሁንና ምክንያት አይጠፋለትም። ከላይ እንደታየው የአንድ እንቅስቃሴ አደገኛነት በዲግሪ ብቻ አይለካም፤ በክብደቱ፣ በፍጥነቱና በከፍታው ይወሰናል። ዝርዝሩን የሚሰጠው የእያንዳንዱ አውሮፕላን መመሪያ መጽሐፍ ነው። ለምሳሌ አፍንጫን በድንገት ገፍቶ በአየር ላይ የመንሳፈፍ ስሜት መፍጠር ማጋደል የለበትም፤ ነገር ግን ነዳጁ ከክንፍ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር በሚወርድበት አውሮፕላን ሞተሩ ሊያመነታ፣ ያልታሰረ ዕቃም ተነሥቶ መሪዎችን ሊያግድ ይችላል።

7. ኅዳጉ በደጋ ምድር

እስካሁን የተጠቀሱት ልማዶች በብዛት የተቀረጹት ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ምድር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ስሌቱ ይለወጣል። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,324 ሜትር ወይም 7,625 ጫማ ያህል ከፍታ አለው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት አየሩ በመደበኛ ከባቢ አየር 10,600 ጫማ ላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። ፍጥነት መለኪያው 70 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 82 ኖት ያህል ነው። በ45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞሩ በባሕር ወለል 132 ሜትር የነበረው ሬዲየስ እዚህ 182 ሜትር ይሆናል። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ለሚበር ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የከፍታው ኅዳግ ደግሞ ከታችም ከላይም ይጠባል። የሴስና መመሪያ የስፒን ልምምድ ከመሬት ከ4,000 ጫማ ሳያንስ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። በአዲስ አበባ አካባቢ ይህ ከባሕር ወለል 11,625 ጫማ ነው፤ ለአንድ ዙር 1,000 ጫማ ሲጨመር መጀመሪያው 12,625 ይሆናል። በአሜሪካ ደንብ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ በረራ አብራሪው ኦክስጅን መጠቀም አለበት። የሴስና 172ኤስ የአገልግሎት ጣሪያ በመደበኛ አየር 14,000 ጫማ ነው፤ አየሩ ከመደበኛው በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ 12,625 ጫማ ለአውሮፕላኑ 14,400 ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ በቆላ ሜዳ የተለመደ የሆነው ልምምድ በደጋ በዚያው አውሮፕላን የማይቻል ይሆናል። መፍትሔው የሚመከረውን ከፍታ መቀነስ ሳይሆን ቆላ ወርዶ መለማመድ ወይም የበለጠ ኃይል ያለው አውሮፕላን መምረጥ ነው።

8. ማጠቃለያ

የእንግሊዝ የበረራ አስተማሪዎች ከማንኛውም እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በፊት «ሃሴል» በሚል ምሕጻረ ቃል ስድስት ነገሮችን ያስፈትሻሉ፦ ከፍታ ይበቃል ወይ፤ የአውሮፕላኑ አካል (ፍላፕና ማረፊያ እግር) በተገቢው ቦታ ነው ወይ፤ ቀበቶና ዕቃ ታስሯል ወይ፤ ሞተሩ ደኅና ነው ወይ፤ ቦታው ከሕዝብ የራቀ ነው ወይ፤ በዙሪያው ሌላ አውሮፕላን የለም ወይ። ከስድስቱ አንዱም ስለ አብራሪው ድፍረት አይጠይቅም። ሁሉም የሚጠይቁት ስህተት ቢፈጠር ማረሚያ ቦታ ስለ መኖሩ ነው።

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ ወደ ሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ የመዝናኛ እንቅስቃሴዎች ከሥልጠና ተነጥለው መታየት የለባቸውም፤ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ የሚበር ሰው ክንፉን የሚያውቀው በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የአደጋ ትምህርት በክልከላ ብቻ ሳይሆን በቁጥር ቢሰጥ ይበልጥ ያሳምናል፤ «ዝቅ አትበል» ከሚለው ቃል ይልቅ 320 ጫማ፣ 71 ኖትና 1,000 ጫማ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ሦስተኛ፣ ከቆላ የመጡ ልማዶች ወደ ደጋ ሲወሰዱ እንደገና መሰላት አለባቸው። በደጋማ አገሮች የአነስተኛ አውሮፕላን ሥልጠና ከፍታዎች በዚህ ዓይነት ስሌት ተመርምረው ቢቀርቡ ለአሠልጣኞችም ለተቆጣጣሪዎችም የሚጠቅም የጥናት ርእስ ይሆናል። ደስታው የሚገኘው በሰማይ ላይ ነው፤ ዋጋው የሚሰላው ግን ከመነሣት በፊት በምድር ላይ ነው።